ያዘመመው የአያ ደምሴ ደርብ ቤት

ጡረታ ወጥቼም ዓመሌ አልለቀቀኝም። መንገድ ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው ጣራ ላይ ነው። መካነ ሰላም ገበያ መሀል አንገቴን ሰቅዬ የአንዱን ቤት ወራጅ ስመለከት ስንት ጊዜ ጭነት የያዘ አህያ ገፍቶኛል! ልጄ "እማዬ፣ አንድ ቀን ባጃጅ ይገጭሻል" እያለች ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ? ያማረ የድንጋይ አነባበር ያየሁ እንደሆነ ልቤ ይዘላል።

የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከተወለደበት ቀን ይጀምራል። እኔ ግን ስለ አንድ የገበሬ ቤት ለመናገር ቸኩያለሁ። ስለ ራሴ የማወራው እዚያ ቤት ደጃፍ እስክንደርስ ድረስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ኩታበር ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የሕንፃ ንድፍ ተምሬ እንደወጣሁ የግንባታ ክፍሉ ነዳፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ ከበላይ የሚመጣውን የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ፕላን መገልበጥ ነበር። ፕላኑ ለቆላውም ለደጋውም አንድ ዓይነት ነው፤ አራት ማዕዘን፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ መስኮት በዚህ፣ መስኮት በዚያ። የመጀመሪያው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ ከንድፉ ይልቅ ዙሪያውን የሚሰመረው ክፈፍ ያስደስታቸው ነበር። ክፈፉ ወፍራምና ቀጥ ያለ ከሆነ "በርቺ!" ብለው ይፈርማሉ፤ በሩ ወደ ነፋሱ ይከፈት ወደ ፀሐይ አይጠይቁም። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል።

በገበያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጥቼ ገበያተኛው በሚመጣበት መንገድ ሽቅብ እሄድ ነበር። ማዶ ለማዶ የተቀመጡትን የድንጋይ ቤቶች ሳይ ይገርመኛል። አንዱም ፕላን የለው፤ አንዱም ደግሞ ደጃፉን ለነፋስ አልሰጠም። ማን ነገራቸው? ይህ ጥያቄ ከኩታበር አብሮኝ ወጣ።

ቀጥሎ አቀስታ ተዛወርኩ። የአቀስታ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል፤ እርሳስ ከመያዜ በፊት እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ማሞቅ ነበረብኝ። ሆኖም ከሥራ ቦታዎቼ ሁሉ አቀስታን አብልጬ እወዳለሁ፤ ጋሼ ይማምን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሼ ይማም የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ምንጊዜም ቱንቢ አለ። ቱንቢ ክር ጫፍ ላይ የታሰረ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱና ማዘንበሉ የሚለየው በእሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከደጅ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ጋሼ ይማም ከቢሮ ወደ ደጅ ይወጣሉ።

"ዓለሚቱ፣ ተነሺ እንጂ! ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እንይ!"

ጃንጥላ አይዙም። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ከኋላቸው እሮጣለሁ። የምንመረምረውን ቤት ዙሪያውን እየዞሩ ከክዳኑ የሚወርደው ጠብታ የት እንዳረፈ፣ ግድግዳው የት ጋ እንደጠቆረ፣ ቦዩ የት ጋ እንደተደፈነ ያሳዩኛል። በደረቅ ቀን ብቻ የታየ ቤት ለእሳቸው እንዳልታየ ነው።

ገበሬ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ "እዚህ ቤት ማን የት ይተኛል?" አሮጊቷ እዚህ፣ ልጆቹ እዚያ፣ ጥጆቹ ከደረጃው ሥር፣ እህሉ ቆጡ ላይ። ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው ምሰሶውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ጆሯቸውንም ይለጥፉበታል። "ነይ፣ አንቺም ስሚ" ይሉኛል። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ውስጡ የተበላ እንደሆነ ድምፁ ይታፈናል። ለመለየት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ የለየሁ ቀን ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደርብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ደርብ የምንለው ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ የሚያድርበትን ባለ ሁለት ወለል የድንጋይ ቤት ነው። ላይኛው ክፍል ወጥተን ተቀመጥን።

"እጅሽን ወለሉ ላይ አድርጊ" አሉኝ።

አደረግሁ። ሞቀኝ! ከታች ላሞቹ ያመነዥካሉ፤ ሙቀታቸው በወለሉ እንጨት መሀል እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። ደጅ ውርጭ ነው፤ እኔ ባዶ እግሬን ተቀምጬ አልበረደኝም።

"ጋሼ፣ ይህን ማን ነው ያሰበው?" ብዬ ጮህኩ።

"የበረደው ሰው ነዋ!" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ እርሳሴ በቢሮው ፕላን፣ ልቤ በነዚያ ቤቶች ሆነ።

ያቀስታ ዘመኔ ያለቀው ግን በሐዘን ነው። ከከተማው ራቅ ባለ ደጋ ቀበሌ አንዲት መበለት ያረጀ ክብ ቤት ነበራቸው። ልጆቻቸው ከአረብ አገር ገንዘብ ልከው "የሳሩ ክዳን ይነሳና ቆርቆሮ ይልበስ፣ ግድግዳውም በሲሚንቶ ይለሰን" አሉ። እኔ ነደፍኩ፤ ጋሼ ይማም አዩት፤ ሁለታችንም ፈረምን። ለጣራ የሚሆነው የጓሳ ሳር እየጠፋ ስለነበር ቆርቆሮው ብልህ መፍትሔ መስሎን ነበር። ነገር ግን የሳሩ ክዳን ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ጥላ ወጣ ይል ነበር፤ ቆርቆሮው አጥሮ ከግድግዳው አፍ ላይ ቀረ። ክረምት ሲገባ ውሃው በግድግዳው ራስ ገብቶ በሲሚንቶው ጀርባ ወረደ። ሲሚንቶው መውጫ ከለከለው። ከውጭ ሲያዩት ደረቅና ንፁህ ግድግዳ ነው፤ ውስጡ የነበረው ጭቃ ግን ሊጥ ሆኗል። በነሐሴ፣ መበለቲቱ ለፍልሰታ ቅዳሴ በሄዱበት ሰዓት ቤቱ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ አንድ ላም ከሥር ቀረች።

ስንደርስ ጋሼ ይማም ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው ጭቃውን በመዳፋቸው አፈሱ። መበለቲቱ አጠገባቸው መጡ።

"አብሽሩ" አሏቸው፤ አይዞዎ ማለታቸው ነው። "ሰው አልሞተም። አብሽሩ።"

ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። ጋሼ ይማም ከዚያ ወዲያ ያረጀ ቤት አልነኩም። ማንም ሲያማክራቸው "አፍርሱና አዲስ ሥሩ" ይላሉ። ጡረታ ወጥተውም ቃላቸው ይኸው ነበር።

እኔ ወደ መካነ ሰላም ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ኃላፊ "የገበሬ ቤት ምን የሚታይ ነገር አለውና ነው ጊዜ የምታባክኚው?" ይሉኝ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ወጣት ኃላፊ ግን ራሱ ደርብ ቤት ውስጥ የተወለደ ሆኖ ተገኘ። የቢሮ ሥራዬን ከጨረስኩ ወደየቀበሌው ወጥቼ አሮጌ ቤቶችን እንድነድፍ ፈቀደልኝ። መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ በእግር ዞርኩ። ባረጀ ቤት ሁሉ "ይህ በቴዎድሮስ ዘመን የተሠራ ነው" ይሉኛል። መቅደላ ሩቅ ስላልሆነ ይሆናል፣ ባገራችን ያረጀ ነገር ሁሉ ለአንድ ንጉሥ ይሰጣል። እኔም አልከራከርም፤ ሜትሬን እዘረጋለሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ፣ የካቲት ላይ፣ ኃላፊዬ ጠራኝ። ወደ አባይ ገደል በሚያየው በምዕራቡ በኩል ባለ አንድ ቀበሌ የአንድ አዛውንት ደርብ ቤት አዝምሟል፤ ሰውዬው አልወጣም ብለዋል፤ ልጃቸው ቤቱ ይፍረስልኝ ብላ አመልክታለች። "ሂጂና እይው። የሚፈርስ ከሆነ ፈርመሽ ነይ" አለኝ።

መኪናው ጉብታው ላይ አወረደኝ። ቁልቁል ሳይ እግሬ ተተከለ። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም! ክብ ነው። የታችኛው ወለል ከጥቁር ድንጋይ፣ የላይኛው ከቀላ ድንጋይ ተሠርቷል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። የድንጋይ ደረጃው የግድግዳውን ክብ ተከትሎ እየዞረ እስከ ላይኛው በር ይወጣል። ክዳኑ ጓሳ ነው፤ ረዥም ዘመን ዝናብ ወርዶበት ብርማ ሆኗል። በምሥራቅ በኩል ግን፣ መሬቱ ሽቅብ በሚወጣበት ወገን፣ ግድግዳው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል።

አንዲት ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ሴት እየሮጠች መጣች። የአዛውንቱ ልጅ ብርቄ ናት።

"አፊያ ነዎት እትየ? እንኳን መጡልኝ! እባክዎ ዛሬውኑ ይፈረድበት" አለችኝ ገና እጄን ሳትለቅ። "ጅዳ ያንን ሁሉ ዘመን የሰው ወለል ስወለውል የኖርኩት ለአባባ ቤት ልሠራላቸው ብዬ ነው። ቆርቆሮው ይኸው ተገዝቶ ቆሟል። እሳቸው ግን ከዚህ ውስጥ አልወጣም አሉ። እኔ ከጎረቤት እያደርኩ ድንጋይ ሲንኮታኮት በሰማሁ ቁጥር እጮሃለሁ። ቢወድቅባቸው ጅዳ መሄዴ ምን ሊሆነኝ ነው?"

ከአጥሩ ጥግ የተደረደረው አዲስ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔም በውስጤ ልፈርምላት ዝግጁ ነበርኩ፤ ያቀስታው ፍርስራሽ ዓይኔ ላይ ነበራ።

ደረጃውን ወጣሁ። አያ ደምሴ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ልታስወጪኝ መጣሽ?"

ጫማዬን አወለቅሁ። "አይ አባቴ፣ ልጠይቅዎት ነው። እዚህ ቤት ማን የት ነበር የሚተኛው?"

አሁን ቀና አሉ። አዩኝና ከመደቡ ተነሱ። አያታቸው የተወለዱበትን ጥግ፣ ባለቤታቸው ብርቄን ያማጡበትን ቦታ፣ እንግዳ የሚያድርበትን መደብ፣ ሕፃናት እንዳይወድቁ የተሠራችውን የእንጨት ከለላ በእጃቸው እየዳሰሱ አሳዩኝ። ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ዞርን። ምሰሶውን አንኳኳሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጥርት ያለ ድምፅ! የወለሉን ጠርቦች አንኳኳሁ፤ እነሱም ጥርት ያሉ ናቸው። ታዲያ የታመመው ምኑ ነው?

ከሥር ወደ ጋጡ ወረድኩ። የተነፋው ግድግዳ ዘንድ አንድ የላላ ድንጋይ አለ። አያ ደምሴን አስፈቅጄ በቀስታ ሳብኩት። የእጅ መብራቴን ሳበራ ድንጋዩ ጀርባ እንጨት ተጋድሟል። የጥድ እንጨት! እጄን አስገብቼ ተከተልኩት፤ በግድግዳው ሆድ ውስጥ እየዞረ ይሄዳል። ሮጬ ወጣሁና ከውጭ ግድግዳውን በዓይኔ መበርበር ጀመርኩ። በጥቁሩ ድንጋይ መሀል ከጉልበት ከፍ ብሎ የእንጨት ጫፍ አየሁ። ከትከሻ በላይ ሌላ። ከወለሉ መስመር ላይ ሌላ። ቤቱን እየዞርኩ በየቦታው አገኘሁት። አጫጭር የጥድ እንጨቶች ጫፍና ጫፋቸው እየተቦረቦረ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተቆላልፎ፣ ክብ እየሠራ ቤቱን በሙሉ ይዞታል።

"መቀነት ታጥቋል!" ብዬ ጮህኩ። "ብርቄ፣ ቤቱ መቀነት ታጥቋል!"

"ኧረ በአላህ፣ ምን ሆኑብኝ እትየ?" አለች ብርቄ ደንግጣ።

እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት። ግድግዳውን የያዘው ድንጋዩ ብቻ አልነበረም፤ ይህ የጥድ መቀነት ነው። የተነፋው ቦታ ላይ ብቻ አንዱ መቀነት በስብሷል። ለምን በሰበሰ? ሽቅብ አየሁ። ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን ሲሠራበት የተቆፈረው አፈር ወርዶ ውሃ የሚያዞረውን የድሮ ቦይ ደፍኖታል። የክረምቱ ጎርፍ በቀጥታ እግሩ ሥር ይተኛል ማለት ነው። በሽታውም መድኃኒቱም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የበሰበሰው እንጨት ከተቀየረ፣ ያ ጎን ብቻ ተፈትቶ እንደገና ከተነባበረ፣ ቦዩ ከተከፈተ ቤቱ ይቆማል!

ግን ብቻዬን ለመወሰን ፈራሁ። አቀስታ ደወልኩ። በማግስቱ ጋሼ ይማም በሚኒባስ መጡ። እርጅና ቢጫናቸውም ቆባቸው እንደ ወትሮው ነጭ ነው። ቤቱን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወላሂ አይሆንም። ያንን ጎን ስትከፍቺው ላይኛው ወለል ይወርዳል። አንቺ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ያየነው አይበቃሽም? ሰውዬው ይውጡና ይፍረስ።"

"ጋሼ፣ ያኛውን ቤት ውስጡን አላየነውም ነበር። ይህን ግን አይቸዋለሁ።"

"ማየት አይደግፈውም።"

"ባላ ይደግፈዋል። ወለሉን ከሥር በባላ አቁመን እንከፍተዋለን።"

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደመናው ከገደሉ በኩል ወጣና ያለ ወቅቱ ያካፋ ጀመር። ሰዉ ሁሉ ወደ ጎረቤት ቤት ገባ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ዞር ስል ጋሼ ይማም ከኋላዬ ቆመዋል። አብረን ቤቱን ዞርን። ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ርቆ ያርፋል። ሦስቱ ወገን ደረቅ ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ከተዳፋቱ የሚወርደው ቀጭን ጅረት እየተጠማዘዘ መጥቶ በተነፋው ግድግዳ ሥር ገባና ጠፋ።

ጋሼ ይማም ጎንበስ ብለው ውሃው የገባበትን ቦታ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን በከፈትኩት ቀዳዳ አስገብተው ደህናውን መቀነት ዳሰሱ፤ አንኳኩም። ፊታቸው በዝናቡ ይሁን በሌላ ርሷል።

"ጀምሪ" አሉኝ። "ግን አንዲት ማንኪያ ሲሚንቶ እዚህ ቤት እንዳላይ!"

ኃላፊዬን አስፈቀድኩ፤ ኃላፊነቱን ወስጄ ፈረምኩ። ብርቄ ግን አኮረፈች። "ክረምት ሳይገባ ካልጨረሳችሁ አዲሱን የብሎኬት ቤት እጀምራለሁ" አለች። አያ ደምሴ በበኩላቸው ሥራው እስኪያልቅ ለመውጣት አንድ ነገር ጠየቁ፤ ጭቃውን የሚያቦኩት እሳቸው ራሳቸው ሊሆኑ ነው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡና ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ይረግጡት ጀመር። እንደዚያ ቀን ሲስቁ አላየሁም።

ቀበሌው በደቦ ወጣ። ገሚሱ ቦዩን ይከፍታል፣ ገሚሱ ከገደሉ አፋፍ የባሕር ዛፍ ባላ ይሸከማል። ባላዎቹን በጋጡ ውስጥ በየጠርቡ ሥር ተከልናቸው። ቤቱ የፈረሰበት አንድ ጎረቤት ያስቀመጠውን ያረጀ የጥድ ወራጅ በትከሻው ተሸክሞ አምጥቶ "ይኸው፣ ለደምሴ ይሁን" ብሎ ጣለልን። ጋሼ ይማም አንኳኩትና "ማሻ አላህ!" አሉ። መጥረቢያና መሮ ይዘው ጫፉን ሲቦረቡሩ እጃቸው ልክ እንደ ድሮው አይንቀጠቀጥም።

ድንጋዮቹን እያወረድን እያንዳንዱን በከሰል ምልክት አደረግንበትና በወረዱበት ቅደም ተከተል ሣሩ ላይ ደረደርናቸው። ግድግዳው ተከፈተ። ሰው ቀጥ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ሆነ፤ ከላይ ያ ሁሉ ድንጋይና ክዳን ቆሟል። ባላዎቹ ሲጥ ይላሉ።

የበሰበሰውን መቀነት አውጥተን አዲሱን ልንከት ስንዘጋጅ ሰማዩ ጠቆረ። ካፊያ መስሎኝ ነበር፤ በረዶ ነው! ክፍት ግድግዳ ውስጥ ውሃ ከገባ የቀረው ጭቃ ይሟሟል፤ ያ ከሆነ ባላውም አይረዳንም። ሸራ የለንም። ገለባ ብንደርብበት ነፋሱ ወሰደው።

"ቆርቆሮውን!" የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ብርቄ ናት። "እናንተ ሴቶች፣ ምን ትቆማላችሁ? ቆርቆሮዬን አምጡልኝ እንጂ!"

ከአጥሩ ጥግ አንዱን ጎትታ በራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቆርቆሮውን በተከፈተው ግድግዳ ላይ እየደራረብን ከላይ አስደገፍነው፤ ነፋሱ ሊነጥቀን ሲታገል ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታ ተጫነችው። እኔ ከጎኗ፣ ጎረቤቶቿ ከጎኔ ሆንን። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት አልቻልንም። ጋሼ ይማም ከውስጥ ሆነው ባላዎቹን አንድ በአንድ እየጨበጡ "ቆሟል! ቆሟል!" እያሉ ይጮኻሉ።

በረዶው አባርቶ ቆርቆሮውን ስናነሳ የተከፈተው ግድግዳ እንደደረቀ ነው። እልል አልን። አያ ደምሴ ጭቃ እንደያዛቸው መጥተው ከልጃቸው ፊት ቆሙ።

"ብርቄ፣ ቆርቆሮሽ ተቀጠቀጠ እኮ።"

"ይቀጥቀጥ አባባ" አለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ግን ትስቃለች። "ቤታችን ጠብታ እንኳ አልነካውም! እዩት እንጂ!"

"ቤታችን" ስትል ሰማኋት። አባቷም ሰሙ። ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላት።

በማግስቱ ጠዋት መቀነቱን ከተትነው። ጫፉ ከድሮው እንጨት ቡርቡር ጫፍ ፊት ሲደርስ ጋሼ ይማም መዶሻውን ለኔ ሰጡኝ። መታሁት። ገባ። ደግሜ መታሁት፤ ድምፁ ተለወጠ፤ የሁለት እንጨት ድምፅ ቀርቶ አንድ ሆነ። ጋሼ ይማም ጆሯቸውን ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ለጥፈው ነበር። እዚያ ሆነው "እዚህ ድረስ ተሰማኝ!" ብለው ሲጮሁ እንባዬ መጣ። ድንጋዮቹ በምልክታቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አያ ደምሴ ያቦኩትን ጭቃ በእጃቸው እያቀበሉን ጎኑ ተነባበረ። ስንጨርስ ጋሼ ይማም ቱንቢያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከላይ ለቀቁት። ክሩ ግድግዳውን እየታከከ ቀጥ ብሎ ወረደ።

የብርቄም ቅሬታ እውነት ስለነበረ ዝም ብዬ አላለፍኩትም። ጭሱ ዓይኗን ያቃጥላታል፣ ላይኛው ክፍል ጨለማ ነው። ማብሰያውን ከቤቱ ጀርባ ለብቻው አወጣንላት፤ በሁለት መቀነት መሀል፣ አንዱንም ሳንቆርጥ፣ ገደሉን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ከፈትንላት። የመጀመሪያው ብርሃን ወለሉ ላይ ሲያርፍ አያ ደምሴ መዳፋቸውን አስገብተውበት ለረዥም ጊዜ ቆሙ። ይህን ቤት እንዲህ አይተውት አያውቁም።

የዚያ ክረምት ዝናብ ብርቱ ነበር። ጋሼ ይማምና እኔ በሐምሌ ሄደን በዝናብ ዞርነው። ውሃው በአዲሱ ቦይ እየፎከረ አልፎ ይሄዳል። ግድግዳው ሥር አቧራ ነው! ጋሼ ይማም አቧራውን በጣታቸው አንስተው አሳዩኝ፤ ሁለታችንም ዝናብ ውስጥ ቆመን ሳቅን። ተመልሰው አቀስታ ሲገቡ አንድ ሰው ስለ አሮጌ ቤቱ ሊያማክራቸው ቢመጣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ሲዘንብ እንየው" እንዳሉት ነገሩኝ።

እኔም ጡረታዬ ደረሰ። ጋቢ ሸለሙኝ፣ ንግግር አደረጉልኝ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሥራዬ አለቀ ብዬ ነበር።

በዚህ ወር ብርቄ ደወለች።

"እትየ፣ ሥራ ፈተዋል አሉ።"

"እረፍት ላይ ነኝ እንጂ ሥራ አልፈታሁም።"

"እንግዲያው እረፍቱ ይብቃዎት። የራሴን ቤት ልጀምር ነው። ከአባባ ቤት ጎን።"

"የብሎኬት ቤትሽን ነው?"

"ምን ብሎኬት ይላሉ!" አለች ተቆጥታ። "ደርብ ነው እንጂ። ክብ፣ የድንጋይ፣ መቀነት የታጠቀ። መስኮቱ ግን ብዙ ይሁንልኝ፤ ከታችም ላም አላስገባም፣ ሱቅ እከፍትበታለሁ።"

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ በምን ቃል ልናገር? ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ኬላ ነድፌያለሁ። ስንት ደርብ ቤት ለክቼ ሥያለሁ፤ አንዱንም አድኛለሁ። አዲስ ደርብ ቤት ግን በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። እኔ የማውቃቸው ደርብ ቤቶች ሁሉ የሠሯቸው ሰዎች የሞቱ ናቸው።

ትናንት ሄድኩ። ቦታው ተጠርጓል። መሀሉ ላይ ችካል ተከልኩና ገመድ አሰርኩበት፤ የገመዱን ቀሪ በችካሉ ላይ ጠምጥሜ ያዝኩ። ብርቄ ጫፉን በአንድ እጇ፣ የአመድ ቁና በሌላው ይዛ ገመዱን እየወጠረች መዞር ጀመረች፤ አመዱን እየበተነች የቤቷን ክብ ትሥላለች። ገና ትንሽ እንደሄደች አያ ደምሴ ከደርባቸው ደረጃ ላይ ሆነው ጮኹ።

"አንቺ ልጅ፣ ጠበበ! አስፊው! ነገ ልጆች አይመጡም እንዴ?"

ብርቄ ቆማ አየችኝ። እኔም እየሳቅሁ ከችካሉ ላይ ገመዱን ለቀቅ አደረግሁላት።